ጥፋት የጋራ ሲሆን ካሳ እንዴት ይታሰባል?

(ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች የተዘጋጀ የኅብረተሰብ ትምህርት)



በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ መኪና አደጋና ስለ ካሳ ነው። ርእሱ የጠበቆችና የዳኞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ካምፓላ ውስጥ በየቀኑ መንገድ የምናቋርጥ፣ ታክሲ የምንሳፈርና ቦዳ ቦዳ የምንይዝ ሁሉ ይመለከተናል። ትምህርቱን እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በአንድ ተማሪያችን ላይ የደረሰ አደጋ ስለሆነ ከእሱ እንነሣለን።

1. የአንዲት እናት ጥያቄ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ የ13 ዓመት ተማሪ እናት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ልጃቸው ከሁለት ቀን በፊት ካንሳንጋ አካባቢ የጋባን መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጭቶት፣ እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቷል።

«መምህር፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ» አሉኝ። «ባለመኪናው ክፉ ሰው አይደለም። ሐኪም ቤት ያደረሰው ራሱ ነው። ለመድኃኒት ብሎ 200 ሺህ ሽልንግ አምጥቶልኛል። አሁን ይህን ፈርሚ ይለኛል።»

ወረቀቱ ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አደጋው የደረሰው ልጁ በድንገት ሮጦ መንገድ ውስጥ በመግባቱ ነው። ሁለተኛ፣ እናትየዋ 200 ሺህ ሽልንግ ተቀብለው ጉዳዩን ጨርሰዋል። ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ እሳቸውም ሆኑ ልጁ ምንም ነገር አይጠይቁም።

«እትዬ፣ ልጁ እውነት ሮጦ ገብቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ልዋሽዎ መምህር፣ ገብቷል። ከቆመ ታክሲ ኋላ ነው የወጣው። እሱም አልደበቀኝም፤ ‹ወደ ግራ ነበር ያየሁት› ይላል። እንግዲህ ጥፋቱ የኛ ከሆነ በምን አፌ ካሳ እጠይቃለሁ? በዚያ ላይ ስደተኛ ነኝ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ የተጎዳው ሰው ራሱ ጥቂት ካጠፋ ካሳ መጠየቅ አይችልም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ስደተኛ በሰው አገር ፍርድ ቤት መብት የለውም የሚለው ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ለምን ትክክል እንዳልሆኑ ቀጥለን እንመለከታለን።

ከዚያ በፊት ግን ልጁ ወደ ግራ ያየበትን ምክንያት እናስተውል። በኢትዮጵያ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው። ይህም የሆነው ከ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ይነዳ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ ሰው መንገድ ለማቋረጥ እግሩን ሲያነሣ ዓይኑ አስቀድሞ ወደ ግራ ይሄዳል። ዩጋንዳ ግን እንግሊዞች ባስለመዱት ደንብ በግራ በኩል ይነዳል። ስለሆነም ለእግረኛ የመጀመሪያው መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። እዚህ አገር መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ታናናሾቻችሁንም አስተምሩ።

2. የቃላት ፍቺ

ቸልተኝነት፦ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሳያደርጉ መቅረት።
ካሳ፦ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ።
ተጎጂ፦ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው።
የጋራ ጥፋት፦ ለአደጋው ወይም ለጉዳቱ ተጎጂውም ሌላው ወገንም አስተዋጽኦ ሲኖራቸው።
ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፦ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለመኪናው በግዴታ የሚገባው ኢንሹራንስ።

3. የሕጉ አመጣጥ

የዩጋንዳ የካሳ ሕግ መሠረቱ የእንግሊዝ ሕግ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1962 በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች፣ ዛሬም ዳኞች የእንግሊዝን ውሳኔዎች እየጠቀሱ ይመዝኑባቸዋል፤ ሊከተሏቸው ግን አይገደዱም።

በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ያች እናት የፈሩት ነገር እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ። ደርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ በመንገዱ ላይ እንጨት አጋደመ። ሌላው ሰው ሊመሻሽ ሲል ፈረሱን በኃይል እየጋለበ መጥቶ ከእንጨቱ ጋር ተጋጨና ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። እንጨቱን ያጋደመው ሰው ማጥፋቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ፈረሰኛው ተጠንቅቆ ቢሄድ ኖሮ እንጨቱን ማየት ይችል ስለነበር አንዲት ሳንቲም አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1842 ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። አንድ ሰው የፊት እግሮቿን ያሰራትን አህያ መንገድ ላይ ለቀቃት። ሠረገላ በፍጥነት መጥቶ ገጭቶ ገደላት። የአህያዋ ባለቤት እንደዚያ ትቷት መሄዱ ጥፋት ነበር። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት አደጋውን ማስቀረት ይችል የነበረው ባለሠረገላው ነው ብሎ ሙሉ ካሳ አስከፈለው።

እንደምታዩት በሁለቱም ጉዳዮች ሁለቱም ወገኖች አጥፍተዋል። ዳግሞም በአንደኛው ተጎጂው ምንም አላገኘም፤ በሁለተኛው ሁሉንም አገኘ። ይህ «ወይ ሁሉ ወይ ምንም» የሆነ ፍርድ ፍትሕ እንዳልነበረው ብዙ ሰዎች ሲናገሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የእንግሊዝ ፓርላማ ሕጉን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ተጎጂው በከፊል ቢያጠፋም ጥያቄው ውድቅ አይሆንም፤ ካሳው ግን በጥፋቱ ድርሻ ልክ ይቀነስበታል። ይኸው ደንብ ዛሬ በዩጋንዳም ይሠራል።

4. በአገራችን ሕግስ?

ይህ አስተሳሰብ ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2098 ላይ፣ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ተጎጂው የሚያገኘው ካሳ ከፊል እንደሚሆን ይደነግጋል። ዳኛውም የጥፋቱን ክብደትና ጥፋቱ ለጉዳቱ ያደረገውን አስተዋጽኦ እንዲመዝን ያዛል።

በሌላ በኩል በሁለቱ አገሮች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ የሚሆነው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የመጣ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ሁለት መኪናዎች ቢጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥራቸዋል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ነጂ ጥፋት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግምት ይቀራል።

በዩጋንዳ እንዲህ አይደለም። ካሳ የሚጠይቀው ሰው መጀመሪያ ነጂው ቸልተኛ እንደነበር ማስረዳት አለበት። «መኪናው ገጭቶኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም። በፍጥነት ይነዳ ነበር፣ ቀይ መብራት ጥሷል፣ ስልክ ያወራ ነበር፣ የሚል ማስረጃ ያስፈልጋል። ነጂውም በተራው «ተጎጂውም አጥፍቷል» የሚል ከሆነ ያንን የማስረዳት ግዴታ የእሱ ነው። በአገራችን ልማድ «መኪናው ነው የገጨው፣ ባለመኪናው ይክሳል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዩጋንዳ ውስጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

5. ድርሻው እንዴት ይሰላል?

ይህ ክፍል የሒሳብ ትምህርትም ነው። ስሌቱ ሁለት ደረጃ አለው።

በመጀመሪያው ደረጃ ተጎጂው ምንም ባያጠፋ ኖሮ ሊከፈለው የሚገባው ሙሉ ካሳ ይታሰባል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጅ የወጣ ገንዘብ ነው፦ የሕክምና፣ የመድኃኒት፣ የመጓጓዣ፣ የቀረ የሥራ ገቢ። ይህ በደረሰኝና በማስረጃ እየተቆጠረ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ደረሰኝ የሌለው ጉዳት ነው፦ ሕመሙ፣ ሥቃዩ፣ የአካል መጉደሉ። ይህን ዳኛው በሐኪም ማስረጃና ቀደም ሲል በተሰጡ ውሳኔዎች ተመርቶ ይገምተዋል።

በሁለተኛው ደረጃ የተጎጂው የጥፋት ድርሻ በመቶኛ ይወሰንና ከሙሉው ካሳ ላይ ይቀነሳል።

ምሳሌ፦ (ቁጥሮቹ ለመልመጃ የቀረቡ ናቸው።)

የሕክምና ወጪ . . . 2,400,000 ሽልንግ
የመጓጓዣ ወጪ . . . 300,000 ሽልንግ
እናት ሥራ ትታ ያስታመመችበት . . . 300,000 ሽልንግ
ለሕመምና ለሥቃይ የተገመተ . . . 5,000,000 ሽልንግ
ድምር . . . 8,000,000 ሽልንግ

የተጎጂው የጥፋት ድርሻ 25 በመቶ ነው ከተባለ፣ የ8,000,000 ሩቡ 2,000,000 ነው። ስለዚህ ተጎጂው 6,000,000 ሽልንግ ያገኛል። ድርሻው 50 በመቶ ቢሆን 4,000,000፣ 75 በመቶም እንኳ ቢሆን 2,000,000 ያገኛል። ያች እናት ሊፈርሙበት ከነበረው 200 ሺህ ጋር አስተያዩት!

መቶኛውን የሚወስን ሠንጠረዥ የለም። ዳኛው ሁለት ነገር ይመዝናል፦ የማን ጥፋት ይከብዳል? የማን ጥፋት ለጉዳቱ ይበልጥ ምክንያት ሆነ? መኪና ከእግረኛ ይልቅ ሰው የመጉዳት ኃይል ስላለው የነጂው ግዴታ ይከብዳል። ትምህርት ቤት ወይም ገበያ አጠገብ የሚነዳ ሰው ልጅ ድንገት ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይጠበቅበታል።

6. ሦስት ልዩ ሁኔታዎች

(ሀ) ልጆች። ልጅ የሚመዘነው በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ሊያደርግ በሚችለው ጥንቃቄ እንጂ በአዋቂ ሚዛን አይደለም። በጣም ትንሽ ልጅ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። አንዲት የ13 ዓመት ተኩል ልጅ ከወንድሞቿ ጋር ለንደን ውስጥ መንገድ ለማቋረጥ ቆማ ሳለ፣ የጭነት መኪና ነጂ ቆሞ በእጁ እለፉ አላቸው። ስታልፍ ሌላ መኪና የጭነት መኪናውን ቀድሞ መጥቶ ገጫት። የመጀመሪያው ዳኛ «የጭነት መኪናውን አልፋ ከመውጣቷ በፊት አይታ ማረጋገጥ ነበረባት» ብሎ አንድ ሦስተኛውን ጥፋት በእሷ ላይ አደረገ። ሎርድ ዴኒንግ ያሉበት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን ሻረ፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ የነጂውን ምልክት አምና ማለፏ ጥፋት አይባልም አለ። ካሳዋም ሳይቀነስ ቀረ።

(ለ) ተሳፋሪዎች። የነጂው ጥፋት የተሳፋሪው ጥፋት አይደለም። የተሳፈራችሁበት ታክሲና አንድ ቦዳ ቦዳ ቢጋጩ፣ የታክሲው ድርሻ 60፣ የቦዳ ቦዳው 40 በመቶ ቢሆን፣ እናንተ ግን 0 ናችሁ። ሁለቱ በመካከላቸው ይከፋፈሉት እንጂ የናንተ ካሳ አይቀነስም።

(ሐ) ቀበቶና የራስ ቁር። እዚህ ላይ አደጋውንና ጉዳቱን መለየት ያስፈልጋል። ቀበቶ ያላሠረ ሰው አደጋውን አላመጣም፤ የራሱን ጉዳት ግን አባብሷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለዚህ መመሪያ አውጥቷል። ቀበቶው ጉዳቱን ፈጽሞ ያስቀረው ከነበር ካሳው በ25 በመቶ፣ ያቃልለው ከነበር በ15 በመቶ ይቀነሳል። ቢታሠርም ለውጥ የማያመጣ ከነበር ምንም አይቀነስም። በቦዳ ቦዳ ላይ የራስ ቁር አለማድረግም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። የዩጋንዳ የትራፊክ ደንብ የራስ ቁርን የሚያዘው ነጂውንም ተሳፋሪውንም ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው የራስ ቁር አላደረገም ተብሎ ካሳው ሊቀነስ አይገባም፤ የራስ ቁር እግርን አያድንምና። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ግን ጥያቄ ይነሣበታል። ሦስትና አራት ሆኖ በአንድ ቦዳ ቦዳ ላይ መውጣትም እንዲሁ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ጠዋት ሦስት ልጆች በአንድ ቦዳ ቦዳ ስትልኩ ይህን አስቡ። ከካሳው በፊት ሕይወታቸው ነው።

7. «አልሮጠም ብለን እንመስክር?»

የልጁ አደጋ በሰፈር እንደተሰማ ብዙ ምክር መጣ። አንዳንድ ጎረቤቶች «ልጁ ቆሞ ነበር በሉ፤ እኛም እንመሰክራለን» አሉ። አሳቢነታቸው ከፍቅር ነው። ምክሩ ግን አደገኛ ነው።

የትራፊክ ፖሊስ የጎማ ምልክት፣ የመስታወት ስብርባሪና ልጁ የወደቀበትን ቦታ ይለካል፤ ንድፍ ይነሣል። ምስክሮች በየተራ ይጠየቃሉ። አንድ ውሸት ከተገኘ ዳኛው ሌላውን እውነት ሁሉ ይጠራጠራል። እውነቱ ሲነገር ከካሳው ሩብ ወይም ሲሶ ሊጎድል ይችላል፤ ውሸቱ ሲጋለጥ ግን ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። ሕጉ ከፊል ጥፋት ያለበትን ተጎጂ ጥያቄ ጨርሶ ውድቅ ስለማያደርግ እኮ ሰው ሳይፈራ እውነቱን መናገር ይችላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ስሕተትም አለብን። እኛ ሰው ስናስቸግር «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ጨዋነት ነው። ከአደጋ በኋላ ግን ይህ ቃል በፖሊስ መዝገብ ሊገባ ይችላል። የሆነውን ተናገሩ፤ «ከታክሲው ኋላ ወጣሁ፣ መኪናው በፍጥነት መጣ» በሉ። «ጥፋተኛው እገሌ ነው» የሚለውን ለዳኛው ተዉለት።

ሽማግሌዎቻችንም «ያድርስ ያለው ደረሰ፤ ይቅር በሉት» ይላሉ። ይቅርታ መልካም ነው። ነገር ግን በአገራችን ሽምግልናም ቢሆን ይቅርታና ካሳ አብረው ይሄዳሉ። በዳይ እርቅ ሲወርድ ካሳ ይከፍላል፤ ካሳውን መቀበል ቂም መያዝ አይደለም። ለተሰበረ እግር የሚከፈለው ገንዘብ የልጁ እንጂ የእናቱ ወይም የሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ስለዚህ እነሱ በልግስና የሚተዉት ገንዘብ አይደለም።

8. አደጋ ሲደርስ ምን እናድርግ?

(ሀ) ከሁሉ በፊት ሕክምና። ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም በሐኪም ይታይ፤ በጽሑፍ ይመዝገብ።

(ለ) ለፖሊስ አስመዝግቡ። የመዝገቡን ቁጥርና የጣቢያውን ስም ያዙ። ፖሊስ ነጂውን ቢቀጣው ቅጣቱ ለመንግሥት የሚከፈል ነው፤ የናንተ ካሳ የተለየ ጉዳይ ነው።

(ሐ) የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥርና በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የኢንሹራንስ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡ። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ ነው፤ የቀረው ከነጂውና በሥራ ካሰማራው የመኪናው ባለቤት ይጠየቃል።

(መ) የምስክሮችን ስልክ ያዙ። በመንገድ ዳር ቻፓቲ የምትጋግር፣ በቆሎ የምትጠብስ፣ የአየር ሰዓት የሚሸጥ ሰው ከማንም በላይ ያያል።

(ሠ) ደረሰኝ አትጣሉ። የቦዳ ቦዳ ሒሳብም ቢሆን ቀኑን እየጻፋችሁ በደብተር መዝግቡ።

(ረ) ያላነበባችሁትን ወይም ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ባለመኪናው ለሕክምና ገንዘብ ቢሰጥ ተቀበሉ፤ በደረሰኙ ላይ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ጨርሻለሁ» አትበሉ።

(ሰ) ቀን አታሳልፉ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። በዩጋንዳ ለአካል ጉዳት ካሳ ክስ የሚቀርበው አደጋው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። የገጨው የመንግሥት መኪና ከሆነ 2 ዓመት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም 2 ዓመት ነው። ልጅ ስለሆነ ይጠበቅለታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ወላጁ በልጁ ስም ሊከስ ይችላል።

(ሸ) ጠበቃ አማክሩ። ይህ ትምህርት መንገዱን ያሳያል እንጂ የጠበቃን ምክር አይተካም።

ስደተኛ መሆን ለዚህ ሁሉ እንቅፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 16 ስደተኛ በነፃነት ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት እንዳለው፣ በሚኖርበትም አገር በሕግ ድጋፍ ረገድ እንደ አገሩ ዜጋ እንደሚታይ ይደነግጋል። ዩጋንዳ የዚህ ስምምነት አባል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የስደተኞች ሕግም አለ። ካምፓላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በማከረሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር የተመሠረተው የስደተኞች ሕግ ፕሮጀክት ለስደተኞች የሕግ ምክር በመስጠት ይታወቃል። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

9. የልጁ ጉዳይ እንዴት አለቀ?

እናትየዋ አልፈረሙም። በማግሥቱ ከአንድ መምህር ጋር ሆነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ልጁም የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ከመንገዱ ዳር በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ዩጋንዳዊት፣ መኪናው የቆመውን ታክሲ በኃይል እየቀደመ እንደነበር መሰከረች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በጠበቃ በኩል በስምምነት አለቀ። የልጁ ድርሻ ሩብ ነው ተባለ፤ ባለመኪናውና ኢንሹራንሱ ሦስቱን ሩብ ከፈሉ። በገንዘቡ የሐኪም ቤቱ ዕዳ ተከፈለ፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናም ተደረገ።

ልጁ ትምህርቱን ቀጥሏል። እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ትንንሾቹን እጃቸውን ይዞ ሲያሻግር «መጀመሪያ ወደ ቀኝ!» እያለ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ።

10. መልመጃ

ጥያቄዎች፦

1ኛ. ሙሉው ካሳ 12,000,000 ሽልንግ፣ የተጎጂው ድርሻ 40 በመቶ ቢሆን ተጎጂው ስንት ያገኛል?

2ኛ. አንዲት የታክሲ ተሳፋሪ ቀበቶ ሳታሥር እጇ ተሰበረ። ሐኪሙ «ቀበቶ ብታሥርም እጇ ይሰበር ነበር» አለ። ካሳዋ ይቀነሳል? ለምን?

3ኛ. በ1809 የተጎዳው ፈረሰኛ ዛሬ ካምፓላ ውስጥ ቢከስ ፍርዱ ከያኔው በምን ይለያል?

4ኛ. (በቤት ከወላጆች ጋር የሚሠራ) ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሥላችሁ፣ የምታቋርጡባቸውን ቦታዎች አመልክቱ። በእያንዳንዱ ቦታ መኪና መጀመሪያ ከየት በኩል እንደሚመጣ በቀስት አሳዩ።

መልሶች፦

1ኛ. የ12,000,000 አርባ በመቶ 4,800,000 ነው። ስለዚህ 7,200,000 ሽልንግ ያገኛል።

2ኛ. አይቀነስም። ቀበቶ አለማሠሯ ጉዳቱን አላባባሰውምና።

3ኛ. ያኔ ምንም አላገኘም። ዛሬ ግን እንጨቱን ያጋደመው ሰው ቸልተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ፈረሰኛው ካሳ ያገኛል፤ በኃይል በመጋለቡ ግን ድርሻው ይቀነስበታል።

የአራተኛውን ጥያቄ ሥዕል ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ አስረክቡ። ወላጆችም ሥዕሉን ከልጃችሁ ጋር ተመልክታችሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት መንገዱን አብራችሁ ሂዱበት።